ወድቀው ያውቃሉን?

ስለ አረጋውያን የመውደቅ አደጋ የቀረበ ትምህርት

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ ለዕረፍት ወደ ትውልድ አገሩ ወደ አምደወርቅ ሄዶ ነበር። አምደወርቅ በዋግ ኽምራ የደሃና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ጓደኛችን የጤና ተማሪ በመሆኑ በዕረፍቱ ጊዜ ሁሉ አያቱን እንደ ሐኪም ሲከታተል ሰነበተ፤ ማታ ማታ የደም ግፊታቸውን እየለካ በደብተር ይመዘግባል፤ ጧት ጧት ኪኒናቸውን መዋጣቸውን ይጠይቃል። አንድ ነገር ግን አልጠየቀም። ወደ ዩኒቨርሲቲ በተመለሰ በሦስተኛው ሳምንት አያቱ ሌሊት ወደ ደጅ ሲወጡ ደፉ አደናቅፏቸው መውደቃቸውንና ዳሌያቸው መሰበሩን በስልክ ሰማ። ኋላ ነገሩ ሲጣራ ከጥምቀት ወዲህ ሁለት ጊዜ ወድቀው ኖሯል፤ ይህንንም ለጎረቤታቸው እንጂ ለልጅ ልጃቸው አልተናገሩም። «እማማ፤ ምነው ሳይነግሩኝ?» ቢላቸው «አንተስ መች ጠየቅኸኝ፤ ልጄ» አሉት።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህ መልስ ነው። ነገሩን ተሰብስበን ስንነጋገርበት እያንዳንዳችን አያት ወይም አባት ወይም የምናከብረው የጎረቤት ሽማግሌ እንዳለን፣ ነገር ግን ማናችንም ይህን ጥያቄ ጠይቀን እንደማናውቅ ተገነዘብን። ስለዚህ የመውደቅ አደጋ ምን እንደ ሆነ፣ ሰው ሳይሰበር አስቀድሞ እንዴት እንደሚለይና ከተለየ በኋላ ምን እንደሚደረግ በተቻለን መጠን አሳጥረን እናቀርባለን። ትምህርቱ ለጤና ተማሪ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ ሰዓት ማየትና ወንበር ማቅረብ የሚችል ማንኛውም ተማሪ ሊሠራበት ይችላል።

መውደቅ ምንድር ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት መውደቅን ሲተረጕም፣ ሰው ሳያስበው መሬት ላይ ወይም ከነበረበት ዝቅ ባለ ስፍራ ላይ ማረፉ ነው ይላል። እንግዲህ ወደቀ ለማለት መሰበር ወይም መቍሰል የግድ አያስፈልግም። ጭቃ አንሸራትቶት የተቀመጠም፣ ድንጋይ አደናቅፎት የተንበረከከም ወድቋል። ይኸው ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ። ሳይታሰብ ከሚደርሱ ጉዳቶች መካከል ከመንገድ አደጋ ቀጥሎ ሁለተኛው የሞት ምክንያት ይህ ነው። ከሟቾቹም መካከል ከመቶው ከ80 የሚበልጡት ገቢያቸው ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ በሆነ አገሮች የሚኖሩ ናቸው፤ በዕድሜም ሲታይ ይበልጡን የሚሞቱት 60 ዓመት ያለፋቸው ናቸው። መውደቅ ፎቅና አሳንሰር ያለው አገር ችግር ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር ይህን ቍጥር ደግሞ ያንብበው።

ሞት ባይመጣ እንኳ ከመውደቅ በኋላ የሚመጣው ኑሮ ቀላል አይደለም። ዳሌው የተሰበረ አዛውንት ሀብታም በሆኑትና ቀዶ ሕክምናው በቅርብ በሚገኝባቸው አገሮች ሳይቀር ከአራት ወይም ከአምስት አንዱ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። የተረፈውም ብዙ ጊዜ እንደ ቀድሞው አይራመድም። ሳይሰበር የወደቀውም ቢሆን ፍርሃት ይይዘዋል፤ ስለሚፈራ ከቤት አይወጣም፤ ከቤት ስለማይወጣ እግሩ ይሰንፋል፤ እግሩ ስለ ሰነፈ እንደ ገና ይወድቃል። ይህን ክብ በመጀመሪያው ጥግ ላይ መስበር የሚቻል ሲሆን እኛ ግን የምንደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ላይ ነው።

አረጋዊ ሰው ለምን ይወድቃል?

«ዕድሜ ነው» የሚለው መልስ ነገሩን ይዘጋዋል እንጂ አይፈታውም። አሜሪካዊቷ ሐኪም ሜሪ ቲኔቲና ባልደረቦችዋ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 336 ሰዎች አንድ ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1988 ውጤቱን አሳትመዋል። ከመቶው 32ቱ በዚያ ዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ወድቀው ተገኙ። ከዚህ ይልቅ የሚያስተምረን ግን ሌላው ውጤት ነው። ከሚታወቁት የመውደቅ ምክንያቶች አንድም ያልተገኘባቸው የወደቁት ከመቶው 8 ሲሆኑ፣ አራትና ከዚያ በላይ ምክንያት የተደራረበባቸው ግን ከመቶው 78 ወደቁ። እንግዲህ የሚጥለው የምክንያቶች መደራረብ ነው ማለት ነው። የተደራረበ ነገር ደግሞ አንድ በአንድ ሊነሣ ይችላል።

ምክንያቶቹን በሦስት ከፍለን እንያቸው።

የመጀመሪያዎቹ በሰውየው አካል ውስጥ ያሉት ናቸው። የጭንና የባት ጡንቻ ይቀንሳል፤ ሚዛን የመጠበቅ ችሎታ ይደክማል፤ በስኳር በሽታ ምክንያት እግር ይደነዝዛል፤ ጉልበት ይታመማል፤ ዓይን ይፈዛል። በአገራችን በ1998 ዓ.ም. በተደረገው የዓይን ጤና ጥናት ከመቶ ሰው 1.6ቱ ዓይነ ስውር ሆኖ የተገኘ ሲሆን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ምክንያት የመጣ ነበር። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚነሣ ነው። ትራኮማም የአማራን ክልል ገጠር ለብዙ ዘመን ያስቸገረ በሽታ መሆኑ የታወቀ ነው። መንገዱን የማያይ ሰው ድንጋዩን ቢመታ ምን ይገርማል?

ሁለተኛዎቹ ሰውየው ከሚወስዳቸው ነገሮች የሚመጡ ናቸው። የደም ግፊት ኪኒን፣ በተለይም ሽንት የሚያበዛው፣ እንቅልፍ የሚያስወስድ መድኃኒት፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት፣ እንዲሁም ጠላና አረቄ ሚዛንን ሊያናጉ ይችላሉ። በዋግ ደግሞ ጾም አለ። አንድ አዛውንት ሴት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም ሳይቀምሱ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ጧት ቢውጡ፣ ከዚያም በቅዳሴ ቆመው ቢያረፍዱ፣ ሲሰግዱና ሲነሡ ራሳቸውን ቢያዞራቸው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ይህን የምንለው ጾምን ለመንቀፍ አይደለም። የኪኒኑን ሰዓት ከሐኪም ጋር፣ የጾሙን ነገር ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር እንዲቻል አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል ለማለት ነው። ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛን በግድ ጹም አትልም።

ሦስተኛዎቹ በአካባቢው ያሉ ናቸው። የደጋው መንገድ ዳገትና ቍልቍለት ነው። በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል። ከቤት ውስጥ ጨለማ አለ፤ ጭስ አለ፤ ከፍ ያለ ደፍ አለ፤ የታሰረ ጥጃና ገመዱ አለ። መጸዳጃው ከቤት ውጭ ነው፤ ሌሊትም መውጣት ግድ ነው። የላስቲክ ጫማው ሶሉ አልቋል። ከዚህም በላይ የገጠር አዛውንት ጡረታ አይወጣም። ሽማግሌው እርከን ይወጣል፤ ባልቴቷ ጀሪካን ተሸክማ ከምንጭ ትመለሳለች። የከተማ ሰው ከአልጋው ሲወርድ ቢወድቅ፣ የገጠሩ ደግሞ ሥራ ላይ ሳለ ይወድቃል።

ለምን አይነገርም?

የወደቀ ሰው መውደቁን የሚደብቅበት ምክንያት አለው። አንደኛው ሐፍረት ነው። ቤቱን ሲያስተዳድር የኖረ ሰው «እግሬ ከዳኝ» ማለት አይወድም። ብናገር ከምንጩም ከገበያውም ያስቀሩኛል ብሎም ይፈራል። ሁለተኛው ሕመም አድርጎ አለማየቱ ነው። የሚያመው ነገር ካለ ወደ ወጌሻ ይሄዳል፤ ካልታመመ ግን «እግዚአብሔር አተረፈኝ» ብሎ ያልፈዋል።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። በአማርኛ «ወደቀ» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም አለበት። እኛ ተማሪዎች ከፈተና ጋር እናያይዘዋለን፤ ሌላው ከሥልጣን ወይም ከክብር መውረድ ጋር ያያይዘዋል፤ በገጠር ደግሞ «ይወድቃል» ሲባል የሚጥል በሽታ አለበት ተብሎ ሊታሰብ ይችላል። እንግዲህ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት «ወድቀው ያውቃሉ?» ብሎ በድንገት ቢጠይቅ «ኧረ እኔስ ደኅና ነኝ» የሚል መልስ ማግኘቱ አያስደንቅም። በዋግ ኽምራ ደግሞ ኽምጣንጋ አፍ የፈቱ አዛውንቶች ብዙ ስለ ሆኑ ጥያቄው በቋንቋቸው ቢቀርብላቸው የሚሰጡት መልስ ሌላ ይሆናል።

ሦስቱ ጥያቄዎች

እ.ኤ.አ. በ2022 ከ39 አገሮች የተውጣጡ 96 ባለሙያዎች ስለ አረጋውያን መውደቅ አንድ ዓለም አቀፍ መመሪያ አውጥተዋል። የመመሪያው መነሻ እጅግ ቀላል ነው፤ አረጋዊ ሰው በማንኛውም ምክንያት ወደ ጤና ባለሙያ ሲመጣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ስለ መውደቅ ይጠየቅ ይላል። አጋጣሚው ሳል ይሁን የጥርስ ሕመም ልዩነት የለውም። በብዙ አገር የሚጠየቁት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፤ እኛ ለአገራችን ሰው ጆሮ እንዲስማሙ አድርገን እንደሚከተለው እናቀርባቸዋለን።

1. «ካለፈው ጥምቀት ወዲህ አደናቅፎዎት ወይም አንሸራትቶዎት፣ ወይም እንዲሁ በድንገት መሬት ደርሰው ያውቃሉን?»

2. «ሲቆሙ ወይም ሲራመዱ ያንገዳግድዎታልን?»

3. «እወድቃለሁ ብለው ይሰጋሉን?»

«ባለፉት 12 ወራት» ከማለት ይልቅ በዓል መጥራት ይሻላል፤ ሰው ጥምቀትን ወይም መስቀልን ያስታውሳል፤ ቍጥር ግን ይረሳል። ዕድሜውንም በትክክል የማያውቅ ብዙ ስለ ሆነ በዘመን ማስላት ይቻላል። ዛሬ ስድሳ ዓመት ገደማ የሆነው ሰው በ1966ቱ ድርቅ ጊዜ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነበረ፤ በ1977ቱ ደግሞ ሃያ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። በ77 ጊዜ ትዳር ይዞ ልጅ ያሳድግ የነበረ ሰው በእርግጥ ከስድሳ አልፏል።

ከሦስቱ ላንዱ እንኳ «አዎን» ያለ ሰው ወደሚቀጥለው ደረጃ ያልፋል። «ወድቄአለሁ» ካለ ደግሞ አምስት ነገር እንጨምራለን። ተጎድተው ነበርን? በዓመቱ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ነውን? ራስዎን ስተው ነበርን? ከወደቁ በኋላ ብቻዎን መነሣት አቅቶዎት ነበርን? አምስተኛውን ዓይናችን ያየዋል፤ ሰውየው ከስቶና አቅም አጥቶ እንደ ሆነ እንመለከታለን። ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ ሰውየው ከፍተኛ አደጋ ላይ ነው፤ ፈተና ሳያስፈልገው ወደ ጤና ጣቢያ መላክ አለበት። የጓደኛችን አያት ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ጥያቄ ብቻ ይለዩ ነበር።

ወንበርና ሰዓት

ከፍተኛ አደጋ ያልታየበትን ሰው በሚከተሉት ፈተናዎች እንመዝናለን። የሚያስፈልገው መደገፊያ ያለው የማይነቃነቅ ወንበር፣ ሜትርና የስልክ ሰዓት ብቻ ነው። ፈታኙ ምንጊዜም ከጎን ይቁም፤ ሰውየው ሲንገዳገድ እንዲይዘው እንጂ ቆሞ እንዲያይ አይደለም።

ተነሥቶ መሄድ። ከወንበሩ ፊት 3 ሜትር ተለክቶ በኖራ ወይም በድንጋይ ምልክት ይደረጋል። ሰውየው የተለመደ ጫማውን አድርጎ፣ ምርኵዝ ካለው ምርኵዙን ይዞ «ይሂዱ» ሲባል ይነሣል፤ እንደ ልማዱ እስከ ምልክቱ ይራመዳል፤ ዞሮ ተመልሶ ይቀመጣል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል 12 ሰኮንድና ከዚያ በላይ የወሰደበትን ሰው አደጋ አለበት ይላል። ከሰኮንዱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚናገረው አካሄዱ ነው፤ ግድግዳ ይይዛልን? ሲዞር ያንገዳግደዋልን? እግሩን ይጎትታልን?

በ30 ሰኮንድ መነሣትና መቀመጥ። ሰውየው እጆቹን በደረቱ ላይ አመሳቅሎ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ የቻለውን ያህል ጊዜ ይነሣል፤ ይቀመጣል። ከ60 እስከ 64 ዓመት የሆነ ወንድ ከ14 ጊዜ በታች፣ ሴት ከ12 በታች፤ ከ70 እስከ 74 የሆነ ወንድ ከ12 በታች፣ ሴት ከ10 በታች፤ ከ80 እስከ 84 የሆነ ወንድ ከ10 በታች፣ ሴት ከ9 በታች ከሆነ የእግር ጉልበት ደክሟል ማለት ነው። በእጁ ሳይገፋ መነሣት ያልቻለ ሰው ውጤቱ ዜሮ ነው። ወንበሩ ቁመቱ 43 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆን ይገባዋል። በቤት ያለው መደብና በርጩማ ቁመታቸው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ፈተናው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ወንበር ይሠራ።

መቆም። ሰውየው የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት ፊት አጋጥሞ 10 ሰኮንድ መቆም ካልቻለ ሚዛኑ ደክሟል።

የደም ግፊት በመቆም። አምስት ደቂቃ ተጋድሞ ከተለካ በኋላ ይቁም፤ በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ እንደ ገና ይለካ። የላይኛው ቍጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ወይም ራሱን ካዞረው፣ የመድኃኒቱና የውሃው ነገር መታየት አለበት። ጓደኛችን የአያቱን ግፊት ሁለት ወር ሙሉ ለክቷል፤ አንድ ቀን እንኳ አቁሞ አልለካም።

እነዚህ ልኮች የተወሰኑት በሌላ አገር ሰዎች ላይ መሆኑን አንርሳ። ዳገት ሲወጣ የኖረ የዋግ ገበሬና በከተማ የኖረ አሜሪካዊ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ቍጥሩ ይምራን እንጂ አይፍረድ። ባንድ ሰኮንድ ያለፈውን ሰው «ደኅና ነህ» ብሎ መስደድ ስሕተት ነው።

ከጠየቁ በኋላ

እዚህ ላይ ለራሳችን ማስጠንቀቂያ እንስጥ። በእንግሊዝ አገር በ63 ክሊኒኮች 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 9,803 ሰዎች የተካፈሉበት አንድ ትልቅ ጥናት ነበር፤ ውጤቱም የታተመው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። አንዳንዶቹ ስለ መውደቅ ምክር ብቻ በፖስታ ተላከላቸው፤ ሌሎቹ ከምክሩ በላይ አደጋቸው ተመዝኖ ወደ ልምምድ ወይም ወደ ሰፊ ምርመራ ተላኩ። የአጥንት ስብራቱ ግን በሁለተኞቹ ዘንድ አልቀነሰም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የታተመ ግምገማ የሰውነት ልምምድ የመውደቅን ብዛት ከመቶው በ23 እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከሁለቱ የምንማረው ይህ ነው፤ ስም መዝግቦ ወደ ሌላ መላክ ብቻውን አያድንም፤ የሚያድነው ከጥያቄው በኋላ በእርግጥ የሚሠራውና የሚዘወተረው ነገር ነው። ጠይቀን ምንም ሳናደርግ የምንቀር ከሆነ ሽማግሌውን አስፈርተነው ሄድን ማለት ነው።

እንግዲህ ሰዎቹን በሦስት እንከፍላቸዋለን። አደጋቸው ዝቅተኛ የሆነው ምክር ተሰጥቷቸው በዓመቱ እንደ ገና ይጠየቃሉ። መካከለኛ የሆነው፣ ማለትም አንድ ጊዜ ሳይጎዱ ወድቀው ወይም ሰግተው አካሄዳቸው ዘገምተኛ ሆኖ የተገኘው፣ የጉልበትና የሚዛን ልምምድ ይጀምራሉ። ከፍተኛ የሆነው ደግሞ ዓይናቸው፣ ልባቸው፣ እግራቸው፣ መድኃኒታቸው፣ ምግባቸውና ቤታቸው አንድ በአንድ ይታያል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜም ተመልሰው ይጎበኛሉ።

ልምምዱ ልዩ ዕቃ አይጠይቅም። ከወንበር ላይ አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፤ ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ከፍ ማድረግ፤ በግድግዳ አጠገብ ተረከዝን ከጣት እያጋጠሙ መራመድ፤ ይህን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቢያንስ ለሦስት ወር፣ እየከበደ እንዲሄድ አድርጎ መሥራት ነው። «ገበሬው ድሮም ይሠራል፤ ልምምድ ለምኑ?» የሚል ይኖራል። ሥራ ጉልበትን ይጠብቃል እንጂ ሚዛንን ለይቶ አያሠለጥንም፤ የደከመው ሰው ደግሞ ሥራውን አስቀድሞ ትቷል።

በቤት ውስጥ የሚደረገውም ርካሽ ነው። ደፉን ዝቅ ማድረግ ወይም ጫፉን በኖራ ቀብቶ በጨለማ እንዲታይ ማድረግ፤ ጥጃውን ከመተላለፊያው ማራቅ፤ ከአልጋው አጠገብ የእጅ ባትሪ ማኖር፤ ለሌሊት ፖፖ ማቅረብ፤ ሶሉ ያለቀውን ጫማ መለወጥ። ምርኵዙ እጅ ወደ ታች ሲንጠለጠል እስከ አንጓ የሚደርስ ይሁን፤ ጫፉም ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ቍራጭ ይሸፈን። ካህናቱና ሽማግሎቹ በቤተ ክርስቲያን የሚደገፉት መቋሚያ ለመቆም የተሠራ ነው፤ ለቍልቍለት መንገድ ግን አጠር ያለ ከዘራ ይሻላል።

አስቀድሞ የወደቀውንም መርዳት ማወቅ ይገባል። የወደቀ ሰው እግሩ ካጠረና ወደ ውጭ ከዞረ፣ ወይም መቆም ካልቻለ፣ ዳሌው ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል አይታሽ፤ አይጎተት፤ በቃሬዛ ተይዞ ወደ ሐኪም ይሂድ። ወጌሻ የሕዝባችን የጥንት ባለሙያ ነው፤ ክብርም ይገባዋል። ነገር ግን ማሰሪያው ሲጠብቅ ደም ተቋርጦ ሥጋው እንደሚሞትና እግር እስከ መቆረጥ እንደሚደርስ በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ታይቷል። ስለዚህ ወጌሻውን ከመሸሽ ይልቅ ማነጋገር ይሻላል፤ በየመንደሩ ማን እንደ ወደቀ ከማናችንም ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ነውና።

ማን ይሥራው?

በአገራችን የጤና አደረጃጀት አንድ የገጠር ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ደግሞ ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቧል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች እንዲኖሩ አድርጓል፤ የየቤተሰቡም ማኅደር በጤና ኬላው ይቀመጣል። ከሕዝባችን 60 ዓመት የሞላው ከመቶው አምስት ያህል ስለ ሆነ፣ 5,000 ሕዝብ ባለው ቀበሌ 250 አረጋውያን ይኖራሉ ማለት ነው። ይህን በ52 ሳምንታት ብናካፍለው በሳምንት አምስት ሰው ይደርሳል። ሦስቱን ጥያቄ ለአምስት ሰው መጠየቅ ከአንድ ጀበና ቡና የበለጠ ጊዜ አይወስድም። በማኅደሩም ላይ አንድ መስመር ብቻ ይጨመራል፤ «ወድቋል፤ አልወደቀም፤ ይሰጋል»።

ለዋግ ይህን መመኘት ቀላል፣ መፈጸም ግን ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት የአካባቢውን ጤና ተቋማት ጎድቷል፤ ድርቁም ይመላለሳል። ከዚህ የተነሣ የሚቀርበው ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም። የሰቆጣ ስም በአገር ደረጃ የታወቀው በ2007 ዓ.ም. በወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው፤ ይኸውም ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በምግብ እጥረት እንዳይቀጭጩ የተገባ ቃል ነው። ሕፃን እየተራበ የሽማግሌን እርምጃ በሰዓት መቍጠር ቅንጦት አይደለምን? የሚል ሰው አለ።

መልሳችን ሁለቱ በአንድ ቤት ይኖራሉ የሚል ነው። እናትየው እንጨትና ውሃ ስትሄድ ሕፃኑን የምትይዘው አያቱ ናት። አያቲቱ በተሰበረች ቀን አንድ ሰው ከእርሻ ይቀራል፤ አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ ለመኪናና ለሕክምና በግ ይሸጣል። ሕፃኑን የሚጠብቅ እጅም ይጠፋል። ስብራትን መከላከል ከሕፃኑ አፍ የሚነጠቅ አይደለም። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።

ከዚህ በፊት ተማሪዎች ወደ ሕዝቡ ወርደው የሠሩበት ጊዜ ነበር። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን እያደረገ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። እኛ ግን ማንም ሳይልከን በየዓመቱ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዱ አንባቢ በቤቱና በጎረቤቱ ያሉትን አረጋውያን ሦስቱን ጥያቄ ይጠይቅ፤ ደፉን ይመልከት፤ ጫማቸውን ገልብጦ ሶሉን ይይ፤ ያሠጋውን ሰው ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለዚህ ሥራ ዲግሪ እስክንቀበል መጠበቅ አያስፈልገንም።

የጓደኛችን አያት በሕይወት አሉ። በሰው ትከሻ ተደግፈው እስከ ደጃፉ ይወጣሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ግን ከሩቅ ነው የሚሳለሙት። ደፉን ባለፈው ወር አጎቱ በመዶሻ ዝቅ አድርጎታል። ሥራው የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።